አብሮ የሚያረጅ ካንሰር

አርኖልድ ሪች በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠራ ፓቶሎጂስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ጥናት የሚያወራው ስለ ሙታን ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ በሌላ በሌላ ሕመም የሞቱ ወንዶች አስከሬን ሲመረመር ከፕሮስቴታቸው የተወሰደውን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ቢያየው፣ ከመቶው በ14ቱ ያህል ካንሰር አገኘ። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ካንሰር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር፤ ሐኪሞቻቸውም አልጠረጠሩም። ከእሱ ወዲህ በየአገሩ የተደረጉት መሰል ምርመራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር እየወጣ ይሄዳል፤ ሠላሳ ባልሞላቸው ከመቶ 5፣ ሰማንያ በደፈኑት ከመቶ 59። ሰማንያን ከተሻገሩ አባቶች ከግማሽ የሚበልጡት ይህን ነገር ይዘውት ኖረው ይዘውት ይቀበራሉ ማለት ነው።

ይኸው በሽታ ደግሞ ገዳይ ነው። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 1.47 ሚሊዮን ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር አለባችሁ ተብለዋል፤ ወደ 397 ሺህ ሰው በዚሁ ሞቷል። አባቱ ወይም አጎቱ አጥንት ውስጥ በገባ ካንሰር ሲሠቃይ ያስታመመ ሰው “ብዙዎች አብረውት ያረጃሉ” ሲባል ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሁለቱም እውነት ነው፤ ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ለ76 ዓመት ሰው “ካንሰር አለብኝ ወይ?” የሚለው ጥያቄ ብዙም አይፈይድለትም፤ መልሱ “ሳይኖርብህ አይቀርም” ነውና። የሚበጀው ጥያቄ “የእኔው ይደርስብኛል ወይስ እቀድመዋለሁ? ላስቆመው ብልስ ምን ያስከፍለኛል?” የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ደግሞ ለምርመራ ደም ከመሰጠቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እየተጎተተ ይሄዳል።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የተቀመጠች፣ በወጣትነት 20 ግራም ያህል የምትመዝን ዕጢ ናት። የሽንት ቧንቧው መሃሏን አቋርጦ ያልፋል። ሥራዋ የዘር ፈሳሹን የተወሰነ ክፍል ማመንጨት ነው። ሰውየው ሃምሳን ሲያልፍ መፋፋት ትጀምራለች፤ ቧንቧውንም ታጣብባለች። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ መነሳት፣ ሽንት ቤት ቆሞ መጠበቅ፣ ጨረስኩ ብለው ከወጡ በኋላ ሱሪ ላይ መንጠባጠብ፣ ብሶበትም ሽንት ጭራሽ መታገድ የሚመጡት በአብዛኛው ከዚህ ነው። ይህ የዕጢዋ መተለቅ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቧንቧው ራቅ ባለው የዕጢዋ ውጫዊ ክፍል ስለሆነ፣ ገና ትንሽ ሳለ ሽንት አይከለክልም፤ አያምም፤ ምልክትም አያሳይም። ስለዚህ ሌሊት የሚነሳው ሰውዬ ካንሰር ያዘኝ ብሎ መደንገጥ የለበትም። እንደ ጎረምሳ የሚሸናውም ነፃ ነኝ ብሎ አይኩራ።

(ፕሮስቴት ባልሠራችው ወንጀል የተከሰሰችበት ጊዜም ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሞት ሲያሳውቅ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ያንን አልተቀበሉም፤ ንጉሡ ታንቀው ስለመገደላቸውም በኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስ ተገልጿል።)

ምርመራው የሚጀምረው ፒኤስኤ በሚባል የደም ምርመራ ነው። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የምትሠራው ፕሮቲን ነው፤ ጤነኛዋም የታመመችውም ታመነጨዋለች። ወደ ደም የሚያመልጠው መጠን ሲጨምር አንድ ነገር እንዳለ ያመለክታል፤ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። የተለመደው ወሰን በሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ከዚያ ከፍ ማለቱም የተለመደ ነው። የሽንት ኢንፌክሽን ቁጥሩን 20 እና 30 አድርሶት ከመድኃኒት በኋላ ወደ 2 ሊመለስ ይችላል። ሽንት ታግዶ መቆየት፣ ካቴተር መግባቱ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የተደረገ ግንኙነት፣ ረጅም የብስክሌት ጉዞ፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። በተቃራኒው ለተለቀ ፕሮስቴት የሚሰጠው ፊናስቴራይድ የሚባለው ክኒን ስድስት ወር ያህል ሲወሰድ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሰዋል። ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ካልተናገረ 3 ሆኖ የታየው ቁጥር በእውነቱ 6 መሆኑን ማንም አያውቅለትም።

አሜሪካ በ1986 ይህን ምርመራ የፈቀደችው ካንሰር እንዳለባቸው የታወቁ ሰዎችን ለመከታተል ነበር። ለፍለጋ የተፈቀደው በ1994 ነው፤ እስከዚያ ግን ሐኪሞች ሳይጠብቁ በጤነኛው ሁሉ ላይ ይጠቀሙበት ጀምረው ነበር። ከፕሮቲኑ ግኝት ጋር ስማቸው ከሚነሳ ሳይንቲስቶች አንዱ የሆኑት ሪቻርድ አብሊን በ2010 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጥተው የጅምላ ምርመራውን በሕዝብ ጤና ላይ እንደደረሰ ጥፋት ቆጥረው አወገዙት። እኔ እንደሳቸው አልመርርም። ግን ብስጭታቸው ከምን እንደመነጨ ለማየት ሁለት ነገር ይበቃል። ፒኤስኤው ከ4 እስከ 10 ከሆኑ ወንዶች ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኘው ከአራቱ በአንዱ ገደማ ነው፤ ሦስቱ በከንቱ ደንግጠዋል። ቁጥሩ 4 እና ከዚያ በታች በሆኑ ወደ 3 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ደግሞ ናሙና ሲወሰድ ከመቶ 15ቱ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ወሰኑ ወሰን አይደለም።

ቁጥሩ ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚደረገው ከጥቂት ሳምንት በኋላ መድገም ነው። ይህ ቀላል ምክር ቢሆንም ብዙ ሰው አንዴ ባየው ቁጥር ብቻ ወደ ናሙናው መርፌ ይጣደፋል። ከዚያ አቅም ባለበት ኤምአርአይ ይነሳል፤ በ2018 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ኤምአርአይ ከቀደመ ከአራት ሰዎች ከአንዱ የሚበልጡት ከናሙና ይድናሉ፤ አደገኛው ካንሰርም የበለጠ ይገኛል። ናሙናው ራሱ ይህን ይመስላል። ሰውየው በግራ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። የአልትራሳውንድ ዘንግ በፊንጢጣ ይገባል፤ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ከዚያ በስፕሪንግ የሚተኮስ ቀጭን መርፌ ቀጭ እያለ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ከፕሮስቴቷ እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ ያወጣል። ለጥቂት ቀን ሽንት ደም ይቀላቅላል፤ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ደም ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። መርፌው በፊንጢጣ ሲያልፍ ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ ስለሚችል አንዳንዱ ሰው ከባድ ትኩሳት ይዞት ይተኛል። ለዚህ ነው ብዙ ሆስፒታሎች አሁን ከፊንጢጣ ፊት ባለው ቆዳ በኩል መውጋትን የሚመርጡት።

የወጣው ሥጋ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡን በ1960ዎቹ የቀመሩት በሚኒያፖሊስ የሚሠሩት ዶክተር ዶናልድ ግሊሰን ናቸው፤ ሴሎቹ ከጤነኛው ቅርጻቸው ምን ያህል እንደራቁ ከ1 እስከ 5 ይመድቡና ሁለቱን በብዛት የታዩትን ይደምራሉ። ከፍተኛው 10 ነው። ዛሬ በተግባር ዝቅተኛው 6 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ “ከአሥር ስድስት” የተባለ ሰው ከግማሽ በላይ ያለቀለት ይመስለዋል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። እሱ ግን ያገኘው ከሁሉ የሚሻለውን ነጥብ ነው። ይህን ለማረም በ2014 ባለሙያዎች ከ1 እስከ 5 የሚሄድ አዲስ ምድብ አወጡ፤ የቀድሞው 6 በዚያ 1 ሆነ። እንዲያውም ግሊሰን 6 ወደ ሌላ አካል መሰራጨቱ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ካንሰር ተብሎ መጠራቱ ይቅር የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ለእኔ ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል። 7 መካከለኛ ነው፤ 3 እና 4 ሆኖ የተደመረው 4 እና 3 ሆኖ ከተደመረው የተሻለ ነው። ከ8 እስከ 10 ያለው ሊናቅ አይገባም።

ለመሆኑ ፍለጋው ነፍስ ያድናል? ያድናል፤ በጥቂቱ። በአውሮፓ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 69 የሆኑ ከ160 ሺህ በላይ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ፒኤስኤ እንዲመረመሩ ተጠሩ፤ ከፊሎቹ አልተጠሩም። የ23 ዓመት ክትትሉ ውጤት በ2025 ሲወጣ፣ በተጠሩት ዘንድ በፕሮስቴት ካንሰር መሞት በ13 ከመቶ ቀንሷል። በሌላ አነጋገር አንድ ሰው ከዚህ ሞት እንዲተርፍ 456 ሰው ለምርመራ መጠራት ነበረበት፤ እንደዚሁም በምርመራው ሰበብ ተጨማሪ 12 ሰው ካንሰር አለብህ መባል ነበረበት። ከ12ቱ አንዱ ተረፈ። የቀሩት አሥራ አንዱ ምን አገኙ? ብዙዎቹ ባያውቁት ኖሮ የማይጎዳቸውን ነገር አወቁ። ከፊሎቹም ታከሙለት።

ልብ መባል ያለበት ጥቅሙ የሚታየው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በእጅ በጥሬ ገንዘብ፣ ጥቅሙ በዱቤ ነው፤ ዱቤውን ለመሰብሰብ ደግሞ መቆየት ይጠይቃል። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና መካሪ ግብረ ኃይል በ2012 ለማንም አይደረግ ብሎ ነበር፤ በ2018 ግን አለዘበው፦ ከ55 እስከ 69 ያለው ከሐኪሙ ተማክሮ ራሱ ይወስን፣ 70 የሞላው ለፍለጋ ብሎ አይመርመር።

ሰባ ዓመት ግን የማን ሰባ? የኔልሰን ማንዴላ ካንሰር በሐምሌ 2001 ይፋ ሲሆን 83 ዓመታቸው ነበር። ሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና ወሰዱ፤ በታኅሣሥ 2013 በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ ምክንያቱ የሳንባ ኢንፌክሽን ነበር። ጨረሩ ባይኖርስ ኖሮ? ምናልባት ያው። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ1997 ታውቆባቸው፣ ሕመሙ እየተመለሰባቸው፣ እየታከሙ፣ 90 ዓመታቸውን አልፈው እስከ 2021 ቆዩ። ጆ ባይደን ደግሞ በግንቦት 2025፣ በ82 ዓመታቸው፣ ግሊሰን 9 የሆነ አጥንት የገባ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገረ፤ መጨረሻ ፒኤስኤ የተመረመሩት በ2014 እንደነበር ቃል አቀባያቸው ተናግረዋል። የአገር መሪ እንዴት አሥር ዓመት ሳይመረመር ይቀራል ብሎ ብዙ ሰው ጮኸ። ሐኪሞቻቸው የተከተሉት ግን ያው የተጻፈውን መመሪያ ነው። መመሪያ የተጻፈው ለሚሊዮኖች ነው፤ ወላጆቹ ዘጠና አልፈው የሞቱ፣ ስኳርም ደም ግፊትም የሌለው፣ ገና ተራራ የሚወጣ የ72 ዓመት ሰው ከሐኪሙ ጋር የመከራከር መብት አለው። ጥሩ ሐኪም ከዕድሜው ይልቅ አካሄዱን ያያል፦ ደረጃ ይወጣል ወይ፣ ገበያ ብቻውን ደርሶ ይመለሳል ወይ፣ ልቡና ኩላሊቱ እንዴት ናቸው።

በእኛ ሰው ዘንድ ሌላም ጉድ አለ፤ የወረቀት ዕድሜ። አሜሪካና አውሮፓ ካሉ አባቶቻችን የስንቱ መዝገብ ልደቱን ጃንዋሪ 1 ይላል? በጉዞ ሰነድ 68 የሆነ ሰው በእናቱ ቆጠራ 74 ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚያሰላው በወረቀቱ ነው። ቢያንስ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ እውነተኛውን መንገር ይበጃል።

ካንሰሩ ከተገኘና ከዕጢዋ ካልወጣ፣ ሦስት መንገድ አለ፦ መከታተል፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር። የትኛው እንደሚሻል ለዘመናት የተሟገቱት ቀዶ ሐኪሙ ለቢላዋው፣ የጨረር ሐኪሙ ለማሽኑ እየወገኑ ነበር። ብሪታንያ ነገሩን በዕጣ ለየችው። ከ1999 እስከ 2009 ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ 1,643 ወንዶች ሐኪምም ራሳቸውም ሳይመርጡ በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። እንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ለመግባት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ አስቡት፤ ካንሰር አለብህ ከተባለ ማግሥት ሕክምናህን ዕጣ ይወስንልህ መባል። ውጤቱ በ2023 ሲታተም አሥራ አምስት ዓመት ተቆጥሯል። በዚያ ጊዜ ከሁሉም 356 ሰው ሞቷል፤ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ግን 45 ናቸው። በመከታተል ምድብ ከመቶ 3.1፣ በቀዶ ሕክምና 2.2፣ በጨረር 2.9። ልዩነት ነው ለማለት የማይበቃ ልዩነት።

ታዲያ መከታተል ይብቃ? አትቸኩሉ። ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተሰራጨባቸው ከታካሚዎቹ ከመቶ 5 ያህል ሲሆኑ፣ በመከታተል ምድብ 9.4 ነበሩ። መከታተል ከደረሳቸውም ከመቶ 61ዱ በመሃል ሐሳባቸውን ቀይረው ወይም በሽታው ተቀይሮ ታክመዋል። ሲከታተሉ ኖረው አንዳች ሕክምና ሳይደርስባቸው አሥራ አምስቱን ዓመት የጨረሱት ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ጥናቱ የተካሄደው በአብዛኛው ዝቅተኛና መካከለኛ ነጥብ ባላቸው ሰዎች ላይ መሆኑም አይረሳ።

የዋጋው ዝርዝርም ከዚያው ጥናት ይወጣል። ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ወር በኋላ ከመቶ 46ቱ ሽንት ስለሚያመልጣቸው ፓድ ያደርጉ ነበር፤ በሌሎቹ ሁለት ምድቦች 4 እና 5 ብቻ። ዓመታት ሲያልፉ ቁጥሩ ቢወርድም በቀዶ ሕክምና ምድብ ከዓመታት በኋላም ከአምስቱ አንዱ ገደማ ፓዱን አልጣለም። ለግንኙነት የሚበቃ ግትረት ከመነሻው ከመቶ 67ቱ ነበራቸው። በስድስት ወር በመከታተል ምድብ 52፣ በጨረር 22፣ በቀዶ ሕክምና 12 ቀሩ። ፓትሪክ ዋልሽ የሚባሉ የባልቲሞር ቀዶ ሐኪም ከ1982 ጀምረው የወሲብ ነርቮችን ሳይቆርጡ ፕሮስቴትን የማውጣት ዘዴ ባያስተምሩ ኖሮ ቁጥሩ ከዚህም ይከፋ ነበር። ጨረር በበኩሉ አንጀትን ያስቆጣል፤ ደም የተቀላቀለ ሰገራ ያመጣል። ቀድሞ ሰባትና ስምንት ሳምንት ይፈጅ የነበረው አሁን ለተመረጡ ሰዎች በአምስት ቀጠሮ ማለቅ ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች ለአባቶቻችን ይነገራሉ ወይ? ከብዙ ታሪክ አንድ ያደረግኩትን ትዕይንት ልሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አባት 71፣ ፒኤስኤ 7.2፣ ግሊሰን 7። ከጎናቸው የምታስተረጉም ልጃቸው። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግትረት ሊጠፋ እንደሚችል፣ ሽንትም ለወራት ሊያመልጥ እንደሚችል በዝርዝር ያስረዳል። ልጅቱ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ትንሽ ዝም ትልና፣

“አባዬ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትንሽ ድካም ይኖራል ነው የሚለው።”

“ድካም ምን አላት፤ እችለዋለሁ በይው።”

ፈቃዱ ተፈረመ። ማንም አልዋሸም ለማለት ይቻላል፤ ልጅ ለአባቷ እንዲህ ያለውን ቃል ከየት አምጥታ ትናገር? በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አማርኛ ተናጋሪ፣ ወንድ፣ በስልክም ቢሆን ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ልጅ ውጭ ትጠብቅ።

አገር ቤት መጋረጃው በሌላ በኩል ነው የሚወርደው። “ለአባዬ እንዳትነግሩት” ይባላል፤ ወረቀቱን ታላቅ ወንድም ኪሱ ይከታል። ምክንያቱ ፍቅር ነው። ግን ሕመሙን የማያውቅ ሰው በሦስቱ መንገድ መካከል እንዴት ይመርጣል? ደግሞ የሚመዘነው ነገር የእሱ ብቻ ነው። የሚያመልጥ ሽንት ለአንዱ የፓድ ወጪ ነው፤ ለሌላው “እንዲህ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን አልገባም” ብሎ ቅዳሴ የሚቀርበት ጉዳይ ነው። ለሙስሊሙ አባት የውዱእ ጥያቄ ነው፤ ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ለየሶላቱ ውዱእ እያደረገ መስገድ እንደሚፈቀድለት የሚነግረው ሰው ካላገኘ መስጊድ መሄድ ሊተው ይችላል። ይህን የሚመዝንለት ቤተሰብ የለም። በሌላ በኩል ግንኙነት ድሮ ቀርቷል ብለው ልጆቹ የደመደሙለት ሰውዬ ልጆቹ እንዳሰቡት ላይሆን ይችላል።

መደበቅ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን በታኅሣሥ 2023 ፕሮስቴታቸውን አስወጥተው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በተከተለ ችግር እንደገና ሆስፒታል ሲተኙ ፕሬዚዳንታቸው እንኳ ካንሰር መሆኑን አያውቁም ነበር። ኦስቲን በኋላ በአደባባይ ይቅርታ ሲጠይቁ የጥቁር ወንዶችን ተጋላጭነት አንስተዋል። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ነው። ሆኖም ያ መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው የዘር ሐረጋቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከሚመዘዝ ሰዎች ስለሆነ በኢትዮጵያዊ ላይ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የማያጠያይቀው የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው አደጋው በእጥፍ ይጨምራል። ለዚህ ሰው ውይይቱ ከሰባ ሳይሆን ከ45 ይጀምራል። የእኛ ችግር አያት በምን እንደሞቱ አለመታወቁ ነው። “ሽንት አግዷቸው” ወይም “ወገባቸውን ብሏቸው” የሚባለው ነገር ሲጣራ ይኸው ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፣ ግሊሰን 6 ላለበት የ78 ዓመት ሰው መከታተል ጥሩ ነው። ልቡ ለደከመ፣ ብዙ ላይቆይ ለሚችል ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰው ይበቃል፤ መርፌም ኤምአርአይም ሳይደጋገም ምልክት ሲመጣ ብቻ ማከም። ይህን “ተዉት” እንደማለት የሚቆጥሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ውጭ ያለው ልጅ በተለይ በስልክ ይቆጣል፣ ገንዘብ ይልካል፣ “ምንም አይቅርበት” ይላል። ግን ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ጠንካራ የ74 ዓመት ሰው ግሊሰን 8 ይዞ “ሽማግሌ ነው” ተብሎ በሆርሞን መርፌ ብቻ ሲሸኝ ይጎዳል። በስካንዲኔቪያ 875 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከዕጢዋ አካባቢ ያልራቀ ነገር ግን አስጊ ካንሰር ላለባቸው ከሆርሞን ጋር ጨረር ሲጨመር፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በዚሁ ካንሰር የሚሞቱት ከመቶ 23.9 ወደ 11.9 ወርደዋል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ ከጎጃም ወይም ከወሎ ለመጣ ገበሬ ተራ መጠበቁ፣ ማደሪያውና አስታማሚው ከሕክምናው ይከብዱ ነበር። የሕክምና ምርጫ የሚባለው ነገር ማሽኑ በሌለበት ምርጫ አይደለም።

ሆርሞኑን ካነሳን፣ ካንሰሩ የሚመገበው ቴስቶስቴሮን መሆኑን በ1941 ያሳዩት የቺካጎው ቻርልስ ሃጊንስ ናቸው፤ በ1966 ኖቤል ተሸልመውበታል። ዛሬ ይህን ሆርሞን የሚያጠፋው በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ካልሆነም የዘር ፍሬን በአንድ ቀዶ ሕክምና ማውጣት። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል፤ ውጤቱ ከመርፌው አያንስም፤ አገር ቤት የመርፌውን ዋጋ መቋቋም ያልቻለ ብዙ ሰው የሚያመራው ወደዚሁ ነው። በሽታው አጥንት ለገባበት ሰው ዕድሜ ያራዝማል፤ ሥቃዩን በቀናት ውስጥ ሲያበርድ ማየት ያስገርማል። ነገር ግን ያልቃል፤ ካንሰሩ መልመዱ አይቀርም። በዚያ ላይ ሙቀት ድንገት ፊት ላይ ይወጣል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ሰውየው ይተክዛል። አጥንት ውስጥ ምንም ሳይታይ ፒኤስኤ ትንሽ ስለጨመረ ብቻ ለ80 ዓመት ሰው ይህን መስጠት ቢያንስ ለምን ተብሎ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው ጊዜ እንዳለ ነው፤ ሳምንት ማሰብ፣ ሌላ ሐኪም መጠየቅ፣ ምርመራውን መድገም። ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር አንድ አለ። ይህ ካንሰር እንዳለበት የሚታወቅ ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ይዞት ሌሊት የሚብስበት ከሆነ፣ እግሩ ከከዳው፣ ከወገቡ በታች ከደነዘዘው፣ ሽንትና ሰገራው ድንገት ከታገደ ወይም ካመለጠው፣ ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰሩን እየጨመቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ወጌሻ ጋ መውሰድ፣ በቅባት ማሸት፣ ሰኞን መጠበቅ አይገባም። በእግሩ እየሄደ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ በእግሩ እየሄደ ይወጣል፤ ተሸክመውት የደረሰ ግን ዳግም ለመቆም ያለው ዕድል ትንሽ ነው። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚነገረው “የፕሮስቴት ካንሰር አለበት፤ እግሩ ከትናንት ጀምሮ ደክሟል” የሚለው ይሁን፤ የእብጠት መቀነሻ መርፌው በዚያው ሰዓት ይጀመራል፣ የጀርባው ኤምአርአይም በዚያው ቀን ይነሳል።